ፊደል የሳተው ገበሬ

አማርኛ ብቻ የፍርድ ቤት ቋንቋ በነበረበት በቀደመው ዘመን፣ ከሐረር ከተማ ውጭ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበረ እንበል። ይህ ሰው በትውልዱ ኦሮሞ ነው፤ አማርኛን የለመደው በገበያ ነው፤ ፊደልንም የቆጠረው ጠጉሩ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ጎረቤቱ የመስኖውን ውሃ ወደ ራሱ እርሻ ስለ መለሰው የሽማግሌው ማሽላ ጠወለገ፤ የቡናውም ተክል ይደርቅ ጀመር። ለአቤቱታ ጻፊ የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው በገዛ እጁ ጻፈና ወደ ከተማ ይዞ መጣ።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት መስመር እንዳነበበ ሣቀ። ሽማግሌው «ሕግ» የሚለውን ቃል በሃሌታው ሀ፣ «ሥራ» የሚለውን በእሳቱ ሰ ጽፎታል፤ «ቀይ ማሽላ» ሊል ፈልጎም «ማሽላ ቀይ» ብሏል።

«አባባ፣ ፊደል ያልለየ ሰው ነገሩን እንዴት አድርጎ ይለያል?» አለና ወረቀቱን ከሌሎች ወረቀቶች ሁሉ በታች አኖረው። ሽማግሌው ምንም ሳይመልስ ወጥቶ ከደጅ ተቀመጠ።

ጸሐፊው የተናገረው ብዙ ሰዎች በልባቸው የሚያስቡትን ነው። በትምህርት ቤትም ቢሆን አንድ ልጅ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ፊደል ሲሳሳት ጓደኞቹ ይሥቃሉ፤ ሣቃቸውም በፊደሉ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ልጁ ራሱ ደንቆሮ ይባላል። እንግዲህ ፊደል የሳተ ሰው አእምሮው የጎደለ ነውን? ሰዋስው ያሳመረስ ሁሉ ብልህ ነውን? መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ እነዚህ ፊደላት ከወዴት እንደ መጡ ማወቅ ይገባል።

በአማርኛ አንድ ድምፅ ይዘው መልካቸው የተለያየ ፊደላት አሉ፤ ሞክሼ ይባላሉ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ሦስቱ አንድ ድምፅ ናቸው። ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ፣ አልፋው አ ከዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ ከፀሐዩ ፀ ጋራ እንዲሁ ናቸው። ፊደሉ ለግእዝ በተሠራበት ጊዜ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ነበረው፤ አንዱ ከጉሮሮ፣ አንዱ ከደረት፣ አንዱ ከላንቃ ይወጣ ነበር። በኋላ ግን የሰው አፍ ድምፆቹን አንድ አደረጋቸው፤ መልካቸው ብቻ በመጽሐፍ ቀረ። ስለዚህ አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው የቱንም ያህል አስተዋይ ቢሆን ሐን ከኀ በጆሮው ሊለይ አይችልም። ንጉሥ በንጉሡ ሠ እንደሚጻፍ አስቦ የሚደርስበት ሰው የለም፤ ሰው ይነግረዋል ወይም በመጽሐፍ ያየዋል። ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዳዊት የደገመ ልጅ ቃሎቹን በየቀኑ ስለሚያያቸው ዐይኑ ይለምዳቸዋል። በዚያ ሰዓት ከብት ሲጠብቅ የዋለው ልጅ ግን አያውቃቸውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የትምህርት ዕድል ልዩነት ነው።

ደግሞም ሊቃውንቱ ራሳቸው ሁልጊዜ አልጠበቁትም። በጥንት ብራናዎች ላይ ጸሐፍት ሀን በሐ፣ ሠን በሰ እየለዋወጡ ጽፈው ይገኛሉ። ሐሙስ የሚለውን ቃል እንመልከት። ስሙ አምስተኛ ቀን ማለት ነው፤ በግእዝ አምስት «ኀምስቱ» ስለሚባል ቀኑም በብዙኃኑ ኀ «ኀሙስ» ተብሎ ሊጻፍ ይገባው ነበር። ዛሬ ግን ሕዝቡ ሁሉ በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል። ያ በሽማግሌው ላይ የሣቀው ጸሐፊም በየሳምንቱ የሐሙስን ቀጠሮ ሲጽፍ እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ማንም አልሣቀበትም።

በሐረር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ጁገል የተባለው ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የታጠረ፣ ከጥንት አምስት በሮች የነበሩት ነው። በግንቡ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቁርኣን ይቀራል፤ በዐረብኛም ፊደል እነዚያ በአማርኛ የሞቱት ድምፆች እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። ዐረብ ኀምሳን «ኸምሲን» ሲል የሚሰማው የጉሮሮ ድምፅ ብዙኃኑ ኀ በጥንት የነበረው ድምፅ ነው። ዐይንንም በዐረብኛ «ዐይን» ይሉታል፤ መጀመሪያው ድምፅ ከጉሮሮ ተጨንቆ ይወጣል፤ እርሱ የዐይኑ ዐ የጥንት ድምፅ ነው። እንግዲህ የቁርኣን ትምህርት ቤት ልጅ አማርኛ ሲጽፍ «ኀምሳ»ን በሃሌታው ሀ ቢጽፍ የዲያቆን ልጅ ይሥቅበታል፤ ነገር ግን የዲያቆኑ ልጅ በቃሉ ብቻ የያዘውን ልዩነት ያኛው በጆሮው ይሰማዋል፤ በአፉም ይናገረዋል። ከሁለቱ ማን ማንን ያስተምር?

የሐረር ሰዎች ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ መጽሐፍ ይገለብጡ ነበር፤ የራሳቸውንም ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ የገባው እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን የመጽሐፍ ጥራዛቸውን እጅግ አድንቋል። እንዲህ ያለው ሰው በአማርኛ ፊደል ሲሳሳት የታየ እንደ ሆነ «ያልተማረ» ይባል ነበር፤ የተማረው ሌላ ፊደል መሆኑን ያሰበ ጥቂት ነው።

ስለ ሰዋስውም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ሽማግሌው «ማሽላ ቀይ» ያለው ያለ ሥርዓት አይደለም። በኦሮሞ ቋንቋ ስም ይቀድማል፣ ቅጽል ይከተላል፤ ትልቅ ሰው ለማለት «ነመ ጉዳ» ይባላል፤ «ነመ» ሰው ነው፣ «ጉዳ» ትልቅ ነው። ሽማግሌው የገዛ ቋንቋውን ሕግ ጠብቆ በአማርኛ ቃል ተናገረ። አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ሲጀምር «ጉዳ ነመ» ይልና የገበሬው ልጆች በተራቸው ይሥቁበታል። ከሶማሌ ወገን የሆነ ነጋዴም በቋንቋው ጨ እና ጸ የሚባሉ ድምፆች ስለሌሉ «ጨው» ለማለት ይቸገራል፤ የጨውን ዋጋ ግን ከማንም ይልቅ ያውቃል። በሐረር ገበያ ፊደል ያልቆጠረች ሴት አትክልቷን ዘርግታ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለአንዱ በሐረሪ፣ ለአንዱ በአማርኛ ዋጋ ስትነግር ትሰማለች፤ ሒሳቡንም በልቧ ትጨርሳለች። ሦስቱንም ቋንቋዎች ጥቂት ጥቂት ታበላሻቸው ይሆናል፤ ነገር ግን የሚሥቅባት ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ነው።

ሰውን በአንዲት ድምፅ መፍረድ በጥንትም ነበረ። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈ የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር፤ ኤፍሬማዊ የሆነ እንደ ሆነ ምላሱ ስለማይታዘዝለት «ሲቦሌት» ይል ነበር። ስለዚህም አርባ ሁለት ሺሕ ሰው ወደቀ። ያች ድምፅ ሰውየው ከየትኛው ነገድ እንደ ተወለደ ትናገር ነበር፤ ስለ ልቡና ግን ምንም አትናገርም ነበር።

ዘመን ሲለወጥ ደግሞ የሚሥቀውና የሚሣቅበት ቦታ ይለዋወጣሉ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በሐረሪ ክልልም የመንግሥት ሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ሆነዋል። በዚህ አጻጻፍ አናባቢው አጭር ከሆነ አንድ ጊዜ፣ ረዥም ከሆነ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። «ለፈ» ተብሎ በአጭሩ ሲነገር መሬት ነው፤ «ላፋ» ተብሎ በረዥሙ ሲነገር ለስላሳ ነው። ያ የቀድሞው ጸሐፊ ዛሬ ቢኖርና ስለ መሬት ክርክር በኦሮምኛ ጻፍ ቢባል፣ ፊደል ጨምሮ መሬቱን ለስላሳ ያደርገው ነበር፤ የሽማግሌውም የልጅ ልጅ አርሞ ይመልስለት ነበር። የጸሐፊው አእምሮ ግን በዚያም ቀን በዚህም ቀን ያው ነው።

ሊቃውንቱም በዚህ ነገር አንድ ሐሳብ አይደሉም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ብዙ ዘመን በኢየሩሳሌም የኖሩ፣ በኋላም ከሐረር ወደ ቆላ ሲወርዱ በምትገኘው በድሬዳዋ የሠሩ ታላቅ የግእዝ ሊቅ ነበሩ። እያንዳንዱ ፊደል በቦታው እንዲገባ አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን መዝገበ ቃላት ተቀብለው ሲደክሙበት ኖረው በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መጽሐፉም በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ሦስት ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡት መጽሐፍ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ሀዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ፊደላቱን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ሲሆኑ፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ከሞክሼዎቹ አንዱን እየመረጡ ሌላውን ተዉት። የፊደል ምርጫ የአእምሮ ሚዛን ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱን ሰነፍ ማለት በተገባ ነበር፤ ይህንንም የሚደፍር የለም።

ይሁን እንጂ ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ እንደ ወደድሁ እጽፋለሁ» የሚል ተማሪ ነገሩን አላስተዋለም። ድኅነት በብዙኃኑ ኀ ሲጻፍ መዳን ነው፤ ድህነት በሃሌታው ሀ ሲጻፍ ማጣት ነው። በግእዝ ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ ሰረቀ ማለት የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። መሀረ አስተማረ ነው፤ መሐረ ይቅር አለ ነው። አንባቢ በእነዚህ ላይ እንዳይደናቀፍ መጠንቀቅ የጸሐፊ ግዴታ ነው፤ እንግዳን በጨለማ ደረጃ ላይ እንደማያስወጡት ሁሉ ነው። መማር እየቻለ፣ መምህር አጠገቡ እያለ፣ ያንኑ ስሕተት ዓመት እስከ ዓመት የሚደግም ልጅ ስንፍናውን ይገልጣል። ነገር ግን ስንፍናና አለማስተዋል ሁለት ናቸው፤ ዕድል ማጣትም ሦስተኛ ነገር ነው፤ ወረቀቱን ብቻ አይቶ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅ ዳኛ የለም።

አንባቢም የራሱ ሥራ አለበት። ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን ፊደላችን አይለይም። «ይመታል» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ልጁ ሌላውን ይመታል ማለት ይሁን ወይስ እርሱ ራሱ በሌላ ይመታል ማለት ይሁን፣ ከፊደሉ አይታወቅም። ከሁሉ የበለጠ ሊቅ ቢጽፈውም ያው ነው። ማስተዋል ያለው አንባቢ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ቃል ተመልክቶ ይደርስበታል። ጸሐፊው ለሊቁ የሚያደርገውን ይህን ትዕግሥት ለሽማግሌው ነፈገው።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ከሰዓት በኋላ ዳኛው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሲያዩ ከታች ያለውን አወጡ። የጎረቤቱም መልስ ከአጠገቡ ነበረ፤ እርሱን በገንዘብ የተቀጠረ ዐዋቂ ጽፎታል፤ ፊደሉ ሁሉ በቦታው ነው፤ የክብር ቃሉም አንድ ገጽ ሞልቷል፤ ነገር ግን የውሃው ተራ የማን እንደ ነበረ በየትኛውም መስመር አይገኝም።

ዳኛውም የሽማግሌውን ወረቀት ለጸሐፊው ሰጥተው «ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው» አሉት።

ጸሐፊው ያነብ ጀመር። ሕግ ከአፉ ሲወጣ ሕግ ነው፤ ሥራም ሥራ ነው፤ በየትኛው ፊደል እንደ ተጻፉ በችሎቱ ካለው ሰው ማንም አልሰማም። «በየስምንቱ ቀን ማክሰኞ፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀትር የውሃው ተራ የእኔ ነው። ጥር 12 ቀን የቦዩ አፍ በድንጋይ ተዘጋ። ያዩ ሰዎች ሦስት ናቸው።» ስማቸውም፣ ቤታቸው ከቦዩ ምን ያህል እንደሚርቅም ተጽፎ ነበር። «ማሽላ ቀይ» ከሚለው ሲደርስ ጸሐፊው ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ተጻፈው አነበበው።

«አባቴ፣ ማሽላው ስንት ተራ ውሃ አጣ?» ብለው ዳኛው ጠየቁ።

«ሦስት፣ ጌታዬ። አራተኛው የፊታችን ማክሰኞ ነው።»

ዳኛውም ቦዩን በዐይናቸው አይተው የሚመለሱ ሁለት ሽማግሌዎች መርጠው፣ ከማክሰኞ በፊት እንዲሄዱ አዘዙ።