ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ፦ ለወጣቱ የአሳማ ሐኪም
ልጄ፣ የአሳማ እርባታን ጤና ልትጠብቅ መነሣትህ ደስ ብሎኛል። በዚህ ሥራ ሐኪምን አዘውትረው የሚያሳስቱት በአፈር፣ በውኃና በጉዝጓዝ የሚኖሩ ማይኮባክቴሪያዎች ናቸው። የነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመዶች ቢሆኑም መነሻቸው ሌላ ነው። ምክሬን ያዝልኝ።

1. እንስሳውን አትጸየፍ። አሳማ በአገራችን አብዛኛው ሰው የማይበላው እንስሳ ነው። አንተ ግን ሐኪም ነህ። በረቱ ገብተህ፣ ጎንበስ ብለህ የሚረግጠውንና የሚምሰውን ካላየህ የበሽታውን መንገድ አታገኘውም። አሳማ በአፍንጫው መሬት ሲምስ የሚውል ነውና አፈሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ሆዱ ይገባል።

2. ዐይንህ ባየው ብቻ አትፍረድ። እነዚህን ማይኮባክቴሪያዎች የተሸከመ አሳማ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ መስሎ ያድጋል፤ ነገሩ የሚገለጠው ቄራ ላይ፣ የመንጋጋ ሥር ወይም የአንጀት ንፍፊት ሲሰነጠቅ ነው። በኔዘርላንድስ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ንፍፊታቸው ቆስሎ የተገኙ አሳማዎች ሲመረመሩ የተገኘው የከብት ነቀርሳ ሳይሆን ከእነዚህ የአፈርና የውኃ ማይኮባክቴሪያዎች አንዱ፣ ማይኮባክቴሪየም ኤቪየም ነበር። በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ቄራዎች የታረዱ አሳማዎች ላይ ግን የሰው ሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ራሱ ተገኝቷል፤ ጥናቱ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ቁስሉ ይመሳሰላል፤ ምንጩ ይለያያል።

3. ለጤና ተብሎ የሚሰጠውን አስቀድመህ መርምር። ከቼክ ሪፐብሊክ ተማር። በዚያ አገር የከብት ነቀርሳ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተወግዶ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ግን አርቢዎች ግልገሎቹን ከተቅማጥ ለመጠበቅ ፒት የሚባለውን የረግረግ ጥቁር አፈር ከመኖ ጋር ይሰጡ ጀመር፤ በንፍፊት ላይ የሚታየው ቁስልም በዛ። ተመራማሪዎች ኤቪየምን ከአሳማዎቹም ከፒቱም አገኙት። እንዲሁ ለግልገሎች በሚሰጠው፣ ካኦሊን በሚባለው ነጭ ሸክላም ውስጥ ተገኘ። ኋላ ኖርዌይ ውስጥም ፒት ምንጭ ሆኖ ተገኝቷል። አርቢውን "ምን አዲስ ነገር ጀመርክ?" ብለህ ሳትጠይቅ ከበረት አትውጣ።

4. ጉዝጓዙን አገላብጥ። ሳጋቱራ ለስላሳና ርካሽ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከከረመ ግን ባክቴሪያው ይራባበታል። ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ጉዝጓዝ ምረጥ።

5. ውኃ ጠራ ብለህ አትመን። ባክቴሪያው በቧንቧና በመጠጫ ውስጥ በሚፈጠረው ዝልግልግ ሽፋን ተጠልሎ ይኖራል። የባክቴሪያው የሴል ግድግዳ ሰም መሳይ ስብ ስላለው ክሎሪንን ይቋቋማል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍቀህ አጥበህ ዝልግልጉን አንሣ፤ የጽዳት መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

6. ዶሮና አሳማ አታቀላቅል። የወፍ ነቀርሳ የሚያመጣው የኤቪየም ዓይነት ከዶሮ ኩስ ወደ አሳማ ይሻገራል። የመኖ ማከማቻውንም ከዱር ወፍ ዝጋ።

7. ላቦራቶሪውን ታገሥ። እንደ ኤቪየም ያሉት ባክቴሪያዎች ለማደግ ሳምንታት ይፈልጋሉ። ንፍፊቱን ብቻ አትላክ፤ ውኃውን፣ መኖውን፣ ጉዝጓዙንና አቧራውንም ጨምር። ከእንስሳው የወጣው ከአካባቢው ከወጣው ጋር ካልተነጻጸረ ምንጩ አይታወቅም።

8. ሰውን አታስደንግጥ፣ አታዘናጋ። በአሳማ የሚገኘው የኤቪየም ዓይነት በሰውም ይገኛል፤ የሕፃናትን የአንገት ንፍፊት ያሳብጣል፣ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችን ክፉኛ ያጠቃል። ይሁንና ሰውም አሳማም ከአንድ አፈርና ከአንድ ውኃ ሊይዙት ይችላሉና "ከአሳማው ተያዘ" ብለህ ያለ ማስረጃ አትናገር።

9. ውጤቱን ይዘህ ወደ አርቢው ተመለስ። ቄራ ሥጋውን ሲያስወግድ የሚከስረው እሱ ነው፤ የቄራው ወረቀት ግን ምን ማስተካከል እንዳለበት አይነግረውም። ይህን የምትነግረው አንተ ነህ። ምንጩን አሳየው፣ የሚቀይረውን አብራችሁ ወስኑ፣ ቀጣዮቹ አሳማዎች ሲታረዱም ንፍፊታቸውን ራስህ ሄደህ እይ።