ዓይን ያየውን ሁሉ ልብ አይዝም



ኮልፌ ቁርኣን ቤት ሄደን የቀራን ይህን አንረሳውም። ባእ፣ ታእ እና ሣእ መልካቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ነጥብ ነው። ለባእ ከታች አንድ፣ ለታእ ከላይ ሁለት፣ ለሣእ ከላይ ሦስት። ኡስታዛችንን ተከትለን በዜማ ስንወርደው አንስትም። ኡስታዝ ከመሀል አንዱ ላይ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ግን ይጠፋብናል። ነጥቡን በየቀኑ አይተነዋል፤ አልተማርነውም። ቀጣዩን ፊደል ዜማው አስቀድሞ ስለሚነግረን ዓይናችን ነጥቡን አልፈለገውም።

በጄኔራል ሳይኮሎጂ ኮርስ ፓቭሎቭን ስናነብ፣ ሁለት ነገር ደጋግሞ አብሮ ከመጣ በአእምሮ ይያያዛል ብለን እናልፋለን። ሊዮን ካሚን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአይጦች ላይ ያደረገው ሙከራ ይህ ብቻውን እንደማይበቃ አሳየ። መጀመሪያ ድምፅ እያሰማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጣቸው፤ ድምፁን መፍራት ለመዱ። ቀጥሎ ድምፁንና መብራትን አንድ ላይ አድርጎ ያንኑ ንዝረት ደጋገመ። በመጨረሻ መብራቱን ብቻውን ሲያበራላቸው እምብዛም አልፈሩም። ድምፁ ሁሉን ነግሯቸው ስለነበር መብራቱ የጨመረላቸው ነገር የለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ኒኮላስ ማኪንቶሽ በ1975 ነገሩን ከትኩረት ጋር አገናኘው፦ የጠቀመንን ምልክት ማየት እንለምዳለን፣ ትርፍ የመሰለንን ደግሞ ችላ ማለት እንማራለን። ፒርስና ሆል በ1980 የተለየ ሐሳብ አመጡ፤ በእነርሱ አባባል ትኩረታችንን የሚስበው ገና እርግጠኛ ያልሆንበት ነገር ነው። እኛ ሁለቱም ከእውነቱ ድርሻ ያላቸው ይመስለናል። ክሩሽኬና ብሌር ደግሞ በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አንዴ ችላ ማለት የለመዱትን ምልክት በኋላ ሲያስፈልጋቸውም ለመማር እንደሚዘገዩ አሳይተዋል። ለተማሪ ከባዱ ይህ ነው፤ የቸልታው ልማድ ከፈተናው በኋላም አብሮን ይቆያል ማለት ነው።

በጥናት ቡድናችንም አይተነዋል። ያለፈውን ዓመት ፈተና ደጋግመን ስንሠራ፣ የጥያቄው የመጀመሪያ ሁለት ቃላት ብቻ መልሱን ያስታውሱናል። የቀረውን ማን ያነባል? መምህሩ ከመሀል አንዲት «አይደለም» ሲጨምርበት ያው የድሮውን መልስ እናከብባለን። ማታ አሥር ጊዜ ሠርተነው ነበር እኮ!

ስለዚህ በሚቀጥለው የፍሬሽማን ጥናት ጥያቄዎቹን ቅደም ተከተላቸውን አፋልሰን፣ አነጋገራቸውንም ለውጠን እናመጣለን። መልስ የተጻፈበትን ወረቀት ዶርም ትታችሁ ኑ።