መፍቻውን አስቀምጥና መጀመሪያ ለካ

ወንድሜ፣ መፍቻውን ለጊዜው አስቀምጠው። መሪው በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል ብለህ ኩሽኔታውን በሁለት ሳምንት ለሁለተኛ ጊዜ ልታጠብቀው ነው። ኩሽኔታው ጤነኛ ነው፣ አሁን በእጄ አዙሬ አይቼዋለሁ። ይልቅ ቱንቢውን አቀብለኝ።

በሱፐር የምትገፋትን ጋሪ አስባት። ትንሿ ጎማ ከምትዞርበት ብሎን ኋላ ስለምትከተል ነው ቀጥ ብላ የምትሄደው። የሞተር ሳይክልም እንዲሁ ነው። የመሪው ምሰሶ መስመር ወደ ታች ቢቀጥል መሬት የሚነካበት ነጥብ አለ፤ ጎማው የሚያርፈው ከዚያ ኋላ ነው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ነው ትሬይል የሚሉት። ሲያንስ መሪው ይቀላል፣ በፍጥነት ላይ ግን ይቅበዘበዛል። ሲበዛ ደግሞ ለማዞር ይከብዳል።

ይህ የክፋር አቭራሃም ሰፈር ሕንፃችን መኪና ማቆሚያ ውሃ እንዲወርድ ተዳፋት አለው፤ ስለዚህ በውሃ ልክ ፈትሸህ ደልዳላውን ቦታ ምረጥ። የጎማውን አየር ሙላ፣ መሪውን ቀጥ አድርግ፣ አንተው ተቀመጥበት፤ ባዶውን የተለካ ሞተር ይዋሻል። እኔ ከጎማው መሐል ዘንግ ቱንቢውን ጥዬ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ ቀጥ ያለ ጣውላ ከምሰሶው መስመር ጋር አስተካክለን ወደ መሬት እናወርዳለን። ከሹካው ጋር አላልኩህም፣ ከምሰሶው ጋር! በዚህ ሞተር ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሦስት ጊዜ እንለካለን።

ለምን አንድ አይደሉም? ይህ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1969 የተሠሩት የያዙት የኧርልስ ሹካ ነው ያለው። የታችኛው ክንድ የሚታሰርበት ሁለት ቦታ አለው፦ የኋላው ለብቻው ለሚነዳ፣ የፊተኛው ሳይድካር ለሚጎትት። ሳይድካር መሪውን ስለሚያከብድ ትሬይሉን ለመቀነስ ነው ወደፊት የሚወጣው። እስኪ ጎንበስ ብለህ እይ፤ የአንተ የታሰረው በየትኛው ነው? በፊተኛው! ሳይድካሩ ከተፈታ በኋላ ማንም አልመለሰውም።

ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ዘንጉ ከመሬት 310 ሚሊሜትር ከፍ ያለ፣ ምሰሶው 27 ዲግሪ ያጋደለ፣ ዘንጉም ከምሰሶው መስመር 50 ሚሊሜትር የቀደመ ሞተር ትሬይሉ 102 ሚሊሜትር ያህል ነው። ያንኑ ዘንግ 20 ሚሊሜትር ብቻ ወደፊት ብትገፋው ወደ 79 ይወርዳል።

ሰንበት ሳይገባ ለክተን በደብተር እንጻፈው፤ ክንዱን እሑድ ማታ አብረን እንመልሰዋለን። እስከዚያ በእናታችን፣ ይዘኸው ወደ ጌሃ ፈጣን መንገድ እንዳትወጣ።