ትምህርት ቤት ሲዘጋ በሴት ልጆች ላይ የሚደርሰው ጥቃትና የመምህሩ ድርሻ

እንደሚታወቀው የኮሮና በሽታ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኔ ያኔ በሰሜን ጎንደር ደጋ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በጥቅምት 2013 ስንመለስ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ የለችም። «ተድራለች» ተባለ። ስሟ ከመዝገብ ተሰረዘ፣ አለቀ። እኔም አልጠየቅሁም።

ለመሆኑ በሽታና ጋብቻን ምን አገናኛቸው? ነገሩ እንዲህ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለና የሠርግ ወራት ገባ። ልጅቱ ቤት ውላለች፤ ትምህርት መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በመከልከሉ ነገሩ ያለ ድግስ በሽማግሌ ያልቃል። ወጪ የለ፣ ቀሪ የሚመዘግብ መምህር የለ!

ሕጉ ምን ይላል? የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ነው። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ልጅቱ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ሕጉ ብቻውን ግን አይበቃም። በ1996 በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ የእርዳታ ፕሮግራም ተጀመረ። ለልጃገረዶች ደብተርና እርሳስ ሰጠ፣ የመንደሩን ሰው አወያየ፣ ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመት ለቆየ ቤተሰብ ሽልማት ሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ ጋብቻ በጣም ቀነሰ። ከ15 በላይ በሆኑት ግን ይህ ውጤት አልታየም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ቀድሞ መድረስ!

እንግዲህ የመምህሩ ድርሻ ባጭሩ፦

1. ሴት ተማሪ ሦስት ቀን ከቀረች ቤቷ ሄዶ መጠየቅ፤
2. የጋብቻ ወሬ ከተሰማ ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ቶሎ ማስታወቅ፤
3. የተደፈረች ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ እንድትደርስ መርዳት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት ከዚያ ካለፈ አይሠራም፤
4. ትምህርት ቤት ቢዘጋም የተማሪዎችን ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት መከታተል።

ይህ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በክልላችን ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ዕጩ መምህራን ጓደኞቼ፣ ነገ የምንመደበው እዚያው ነው። ባዶ ዴስክ ስናይ ስም ከመሰረዛችን በፊት «የት ሄደች?» እንበል።