ሞተር ማስነካት ናፍታ ይቆጥባል? ከኪሱጉ እስከ ኤሌጉ በሊትር ሲሰላ

በካምፓላ ማኪንዴ ክፍል ያሉት ኪሱጉና ጎረቤቱ ካባላጋላ የአበሻ ምግብ ቤት የማይታጣባቸው ሰፈሮች ናቸው። ፍየልና በግ ወደ ደቡብ ሱዳን የሚያሻግር ነጋዴ እዚያ ቡና ይዞ ሲቀመጥ ወሬው ከገበያ ዋጋና ከኬላ ቀጥሎ ስለ ናፍታ ነው። የፒክአፕን ኮምፒውተር አስነክቶ ጉልበት ማስጨመር ናፍታ ይቆጥባል ወይ የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሳል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ ጤነኛ ሞተር ላይ የሚገኘው ቁጠባ ትንሽ ነው፣ እሱም ሹፌሩ ከፈቀደ ነው። የታመመ ሞተርን ወደ ጤናው መመለስ ግን ብዙ ናፍታ ያድናል። ሁለቱም ሥራ በጋራዥ አፍ «ቱኒንግ» እየተባለ ስለሚጠራ፣ የአንዱ ውጤት ለሌላው ማስታወቂያ ይሆናል።

እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ዲ ፎር ዲ ወይም ኢሱዙ ዲ ማክስ ባሉ መኪናዎች ናፍታው መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ባለሙያው ላፕቶፕ አገናኝቶ ይህን ትእዛዝ ይለውጣል፤ ቱርቦው የበለጠ አየር እንዲገፋ፣ ኢንጀክተሩም የበለጠ ናፍታ እንዲረጭ ያደርጋል። ጉልበቱ በርግጥ ይጨምራል። ነገር ግን የተጨመረው ጉልበት የሚታየው ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ሲረገጥ ነው። መኪናው በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሜዳ ላይ ሲሄድ የሚፈልገው ጉልበት ከማስነካቱ በፊት ከነበረው አይለይም፤ ክብደቱ ያው ነው፣ ንፋሱም ያው ነው፣ የጎማውም ጫና ያው ነው። ያንኑ ጉልበት ለማምረት የሚቃጠለው ናፍታም ከሞላ ጎደል ያው ይሆናል።

የሚገኝ ጥቅም ካለ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲበረታ ሹፌሩ ማርሽ ቶሎ ከፍ አድርጎ በአምስተኛ መቆየት ይችላል። ሁለተኛ፣ ናፍታው ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲረጭ ቢደረግ ቃጠሎው ይሻላል። ፋብሪካዎቹ ይህን ሁለተኛውን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ቀድሞ መርጨት ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን ጎጂ ጭስ ስለሚያበዛ ሆን ብለው ይተዉታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቮልስዋገን የተያዘው በዚሁ ሽኩቻ ውስጥ ነው፤ መኪናዎቹ ምርመራ ላይ መሆናቸውን ሲያውቁ ጭሱን ይቀንሱ ነበር፣ መንገድ ላይ ግን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይለቁ ነበር።

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው ዳሽቦርዱን አምኖ ነው። በተለይ ርካሹ ሳጥን፣ ማለትም በናፍታ ግፊት ሴንሰርና በኮምፒውተሩ መካከል የሚሰካው፣ የሚሠራው ኮምፒውተሩን በመዋሸት ነው። ግፊቱ ከእውነተኛው ያነሰ ነው ብሎ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ናፍታው በዝቶ ይረጫል፣ ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በተነገረው ግፊት ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ «ቁጠባ» ይታያል፣ ማደያው ላይ ግን አይታይም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን ጉልህ በሆነ መጠን የሚቀንስ አላገኘም።

የታመመው ሞተር ጉዳይ የተለየ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለሸማቾች በሚሰጠው ምክር፣ በግልጽ የተበላሸ ሞተርን ማስተካከል በአማካይ 4 በመቶ ያሻሽላል፤ ከባድ ብልሽት፣ ለምሳሌ በቤንዚን መኪና የኦክስጅን ሴንሰር፣ ሲጠገን እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ካምፓላ ውስጥ የሚሠሩት ፒክአፖች አብዛኞቹ ያገለገሉ ሆነው የገቡ ናቸው። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከ15 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መኪና እንዳይገባ ብትከለክልም፣ ቀድሞ የገባው አሁንም መንገድ ላይ ነው። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ አየር የሚያሳልፍ የቱርቦ ቱቦ፣ የሚይዝ ፍሬን፣ የደከመ ፍሪሲዮን፤ እነዚህ ሳይጠገኑ ኮምፒውተር ማስነካት ያነከሰችን ላም ሳያክሙ መኖ እንደመጨመር ነው።

ኮምፒውተር የሌላቸው የድሮዎቹ ሃይሉክሶች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። መካኒኩ የፖምፓውን ብሎን አዙሮ ናፍታ ይጨምርላቸዋል። ጥቁር ጭስ ከታየ ሳይቃጠል የሚወጣ ናፍታ ነው፤ ገንዘቡ በማርሚታ እየወጣ ነው ማለት ነው። ካምፓላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አዲስ አበባ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ ፖምፓው የተስተካከለ ቱርቦ አልባ መኪና ከሞያሌ ወደ ሐገረ ማርያም ደጋ ሲወጣ ቢያጨስ አያስደንቅም። ቱርቦ ያለው በአመዛኙ ራሱን ያካክሳል።

አሁን ወደ ስሌቱ። ከካምፓላ በጉሉ በኩል ኤሌጉ ኬላ ለመድረስ ወደ 440 ኪሎ ሜትር ነው። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ከኪሱጉ በባዶ ተነስቶ ናካሶንጎላ አካባቢ 30 ፍየል ይጭናል፤ ፒክአፑም በአማካይ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ደርሶ መልስ 88 ሊትር ይፈጃል። ማስነካቱ 3 በመቶ ቢቆጥብ 2.6 ሊትር ይተርፋል። ባለሙያው የጠየቀው ክፍያ የ200 ሊትር ናፍታ ዋጋ ከሆነ፣ ገንዘቡ የሚመለሰው ከ77 ምልልስ በኋላ ነው። በወር ሦስቴ ለሚመላለስ ነጋዴ ይህ ሁለት ዓመት ያልፋል። የሚቀርበው ዋጋም ሆነ የመኪናው ፍጆታ ሌላ ከሆነ ነጋዴው የራሱን ቁጥር ያስገባበት።

ያው ነጋዴ በ100 የሚነዳውን ሹፌር በ80 እንዲነዳ ቢያደርግስ? የንፋስ ጫና በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ በ100 ላይ ከ80ው በ56 በመቶ ይበልጣል፤ ከፍ ያለ የእንስሳ አጥር የተገጠመበት ፒክአፕ ደግሞ ንፋስን እንደ ግድግዳ ነው የሚገፋው። ይህ ቁጠባ ምንም ክፍያ የለውም። ከንጋት በፊት ከከተማ መውጣትም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ በካምፓላ መጨናነቅ ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይበላል፣ ፍየሎቹም ሙቀቱ ሳይበረታ ይጓዛሉ።

ከናፍታው ይልቅ መቆጠር ያለበት ጭነቱ ነው። በቀንድ ከብት ንግድ እንደ ግምት የሚሠራበት ልክ፣ አንድ ከብት በጉዞ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሰዓታት በየሰዓቱ 1 በመቶ ክብደት ያጣል፣ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል የሚል ነው። ቀጥ ብሎ የሚነሳና በድንገት ፍሬን የሚይዝ መኪና ደግሞ እንስሳውን እርስ በርስ ያጋጫል፤ ካሩማ ላይ ወደ ናይል ሲወርዱ ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። አንድ ፍየል የ40 ሊትር ናፍታ ዋጋ ካወጣች፣ አንዷ ተረግጣ ብትሞት የ15 ምልልስ ቁጠባ አብሮ ሄደ። ተጨማሪ ጉልበት በወጣት ሹፌር እግር ሥር ሲገባ የሚሠራው ለየትኛው ወገን እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ማስነካት የሚፈልግ ነጋዴ ራሱ ይለካ። ታንኩን በአንድ ማደያ፣ በአንዱ ፓምፕ እስከ አፉ ይሙላ፤ ኪሎ ሜትሩን ይጻፍ፤ ተመልሶ እዚያው እስከ አፉ ሲሞላ የገባውን ሊትር ይመዝግብ። ከማስነካቱ በፊት ሦስት ምልልስ፣ በኋላም ሦስት፤ ሹፌሩ፣ መንገዱና የጭነቱ ቁጥር ሳይለወጥ። በመካከሉ ትልቅ ጎማ ከተገጠመ ቆጣሪው ከእውነተኛው ያነሰ ኪሎ ሜትር ስለሚያሳይ ልኬቱ ይበላሻል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልልሶች በፊት ኢንጀክተሩ ይፈተሽ፣ የአየር ፊልትሮው ይቀየር፣ የጎማ ንፋስም ለጭነት በተጻፈው ልክ ይሞላ፤ አለዚያ የጥገናው ጥቅም በባለ ላፕቶፑ ሒሳብ ይገባል። ውጤቱ ሲጻፍም በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሕይወት ለደረሰች አንዲት ፍየል ስንት ሊትር እንደወጣ ይጻፍ።