ስለ ተሳቢ መኪና የጭነት ልክና ስለ መንጃ ፈቃድ የተሰጠ ትምህርት

ለክቡራን የዞንና የወረዳ ሹማምት፣ እንዲሁም ለእርሻ ባለይዞታዎች፤

በቆሎው ተፈልፍሎ በጆንያ ከገባ በኋላ የእጃጂ ገበሬ ተስፋው በአንድ ጐዳና ላይ ነው። ይኸውም ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርጎ፣ እጃጂን አልፎ ወደ ባኮና ወደ ነቀምት የሚሄደው ነው። ይህ መንገድ የተበላሸ እንደ ሆነ እህል በጊዜው ለገበያ አይወጣም፤ ማዳበሪያም በዘር ወራት አይደርስም። ስለዚህ የጭነት ልክ የሾፌርና የትራፊክ ፖሊስ ነገር ብቻ ሳይሆን የእርሻ ነገር መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ብዙ ሰው ጭነትን የሚቈጥረው በጠቅላላ ኩንታሉ ነው። መንገድን የሚጐዳው ግን በእያንዳንዱ ዘንግ፣ ማለት አክስል በሚባለው ብረት በኩል የሚወርድበት ክብደት ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ኮሜሳ የተስማማበት ልክ እንዲህ ነው፤ የፊት መሪ ዘንግ 8 ቶን፣ ነጠላ የኋላ ዘንግ 10 ቶን፣ ጥንድ ዘንግ 16 ቶን፣ ሦስትዮሽ ዘንግ 24 ቶን። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው፤ በዚህም ልክ ውስጥ የመኪናው የራሱ ክብደት አብሮ ይቈጠራል። እንግዲህ ጠቅላላ ክብደቱ ከልክ ያላለፈ መኪና እንኳ ጆንያው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከተከመረበት በአንዱ ዘንግ ሕግ ሊተላለፍ ይችላል።

ከልክ በላይ መጫን የሚያመጣው ጉዳት በጥቂት በጥቂቱ የሚጨምር አይደለም። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት መኪናዎችን በልዩ ልዩ መንገድ ላይ እያመላለሱ በመረመሩ ጊዜ የተገኘው ውጤት ይህን ያስረዳል። በዚያ ምርመራ መሠረት 10 ቶን በሚገባው ዘንግ ላይ 12 ቶን የጫነ ሰው 2 ቶን ብቻ ጨመረ፤ በመንገዱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። በክረምት ከሥር ያለው አፈር ሲርስ መንገዱ ይባሱን ይደክማል።

ለእርሻ ሰው ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ከመቶው 25 እጅ ውኃ የያዘ በቆሎ እስከ 13 እጅ ቢደርቅ፣ ከአንድ ኩንታል ላይ 14 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። በ400 ኩንታል ሲታሰብ 55 ኩንታል ያህል ውኃ ነው። እርጥብ እህል የሚያስጭን ሰው እንግዲህ ለውኃ የጭነት ዋጋ ይከፍላል፤ እህሉንም ለሻጋታ ያጋልጣል፤ በላዩም መንገዱን ይሰብራል።

ከእጃጂ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ወደ ጌዶ ወጥቶ፣ ወደ ጉደር ይወርዳል። በቁልቁለት ጊዜ ፍሬኑ የማይሠራ ተሳቢ የፊተኛውን መኪና ከኋላ ይገፋዋል፤ ጭነቱም ከልክ ካለፈ ፍሬኑ ግሎ ይከዳል። ተሳቢን መንዳት የተለየ ችሎታ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መንጃ ፈቃድን በየምድቡ ለይቶታል፤ ደረቅ ጭነትና ፈሳሽ ጭነትም ለየብቻ ናቸው። በትንሽ የጭነት መኪና የተፈቀደለት ሰው በዚያው ፈቃድ ከባድ ተሳቢ ሊጐትት አይገባውም።

ስለዚህ ባለጭነቱም ሆነ ሹሙ መኪናው ከመነሣቱ በፊት እነዚህን ይመልከት።

አንደኛ፤ በመኪናውና በተሳቢው ሊብሬ ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ ያንብብ፤ የዘንጉ ልክና የሊብሬው ልክ ቢለያዩ አነስተኛውን ይከተል።

ሁለተኛ፤ እህሉ መድረቁን ይመርምር፤ ጥቂት ጆንያ መዝኖ ይገምት እንጂ በዓይን ብቻ አይቍረጥ።

ሦስተኛ፤ ጭነቱ በመኪናውና በተሳቢው ላይ ተመዛዝኖ እንዲደለደል ያድርግ።

አራተኛ፤ የሾፌሩ ፈቃድ ለተሳቢ የተሰጠ መሆኑን ይይ፤ የተሳቢውን ፍሬን፣ ጎማና ማያያዣ ብረት ያስፈትሽ።

ሾፌር ከልክ በላይ የሚጭነው ብዙ ጊዜ ባለጭነቱ ስለሚያስገድደው ነው። በሚዛን ጣቢያ የሚቀጣው እርሱ ቢሆንም፣ ትእዛዙ የወጣው ከጎተራው ደጃፍ ነው። አሥር ኩንታል ለመጨመር ሲል መንገዱን የሚሰብር ሰው የሚመጣውን ዓመት ምርት መውጫ አስቀድሞ እንደ ዘጋ ይወቅ።