ስለ ድረ ገጽ ቅለትና ስለ ሥዕል ብዛት፤ ጎብኚውን ስለ ማቆየትም የተጻፈ ትምህርት

ለክቡራን የየአገሩ ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች።

በየመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ የማቋቋም ሥራ እየበዛ ስለ ሄደ፥ ሥራውም ገንዘብና ጊዜ የሚፈጅ ስለ ሆነ፥ ገጹ በምን አኳኋን ቢሠራ ሰው እንደሚጠቀምበት፥ በምን አኳኋን ቢሠራ ደግሞ ባለጉዳዩ ሳያነበው ጥሎት እንደሚሄድ ማስረዳት የሚገባ ሆኖ ተገኝቷል። ድረ ገጽ ማለት ማንም ሰው በኢንተርኔት አማካይነት በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ከፍቶ የሚያየው የመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የገጽን ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል። እህል በኩንታል እንደሚመዘን፥ በኢንተርኔት የሚተላለፍ ጽሑፍና ሥዕልም በባይት ይሰፈራል። አንድ ሺህ ባይት ኪሎባይት፥ አንድ ሺህ ኪሎባይት ደግሞ ሜጋባይት ይባላል። በዛሬው የኮምፒዩተር አጻጻፍ የላቲን ፊደል አንዱ 1 ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል አንዱ 3 ባይት ይይዛል። ይህን ሰምቶ የአማርኛ ጽሑፍ ለገጽ ከባድ ነው የሚል ቢኖር ሒሳቡን ሳይጨርስ ፈርዷል። 2,000 ፊደል የተጻፈበት ገጽ 6 ኪሎባይት ብቻ ነው። በስልክ ተነሥቶ መጠኑ ሳይቀነስ የተለጠፈ አንድ ፎቶግራፍ ግን 3 ሜጋባይት ቢሆን የ500 ገጽ ጽሑፍ ያህል ይከብዳል። እንግዲህ በገጹ ራስ ላይ እየተፈራረቁ የሚታዩ አምስት ፎቶግራፎችን ያኖረ ጸሐፊ ባለጉዳዩን ገና ከደጃፉ ላይ 2,500 ገጽ አሸክሞታል ማለት ነው። ለዚህም ሸክም ኪራዩን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የኢንተርኔት ጥቅል በገንዘቡ የገዛው ባለጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በሀብታም አገር እንኳ ጉዳት አድርሷል። በኖቬምበር 1999 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ቡ ዶት ኮም የተባለ የልብስና የጫማ ንግድ ቤት በኢንተርኔት ላይ ተከፈተ። ልብሱ በሁሉም ወገን እየዞረ እንዲታይ፥ ሚስ ቡ የምትባል በሥዕል የተሠራች ወይዘሪትም ገዥውን እንድትመራ ተደረገ። ነገር ግን በዚያን ዘመን አብዛኛው ሰው የሚገናኘው በቤቱ የስልክ ሽቦ፥ ቢበዛ በሴኮንድ 7 ኪሎባይት በሚያሳልፍ መሣሪያ ስለ ነበረ፥ ገዥው ጫማውን እስኪያይ ድረስ ትዕግሥቱ አለቀ። ኩባንያው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካወጣ በኋላ በሜይ 2000 ዓ.ም. ተዘጋ። ጥፋቱ ሁሉ የሥዕሉ ነው አንልም፤ ወጪውም ልክ አልነበረውም። ቢሆንም መልካም ዕቃ ይዞ በሩን ያከበደ ነጋዴ እንዴት እንደሚጎዳ ያሳያል።

ከዚህ ይልቅ ለሹማምንት የሚጠቅመው ግን በዩቲዩብ የሆነው ነገር ነው። ክሪስ ዘካርያስ የተባለው የዚያ ኩባንያ መሐንዲስ እንደ ተረከው፥ አንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበት ገጽ፥ ተንቀሳቃሹ ሥዕል ራሱ ሳይቆጠር፥ 1.2 ሜጋባይት ደርሶ ነበር። እርሱም በ2009 ዓ.ም. ትርፉን ሁሉ ገፎ ገጹን ወደ 98 ኪሎባይት አወረደው። ከዚያም ይህ ቀላል ገጽ ለሰው ተከፍቶ በተለካ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ተገኘ፤ ገጹ ተከፍቶ እስኪታይ የሚፈጀው አማካይ ጊዜ በማጠር ፈንታ ረዘመ። መሐንዲሱ ድካሙ ሁሉ ከንቱ የቀረ መሰለው። በኋላ ቁጥሩ በየአገሩ ተለይቶ ሲመረመር ግን ምክንያቱ ታወቀ። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ፥ ከደቡብ አሜሪካ፥ ከአፍሪካ፥ ከሳይቤሪያም ሳይቀር ብዙ አዲስ ሰው መጥቶ ነበር። በነዚያ አገሮች ቀላሉ ገጽ እንኳ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር፤ የቀድሞው ከባድ ገጽ ግን ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስድ ስለ ነበረ ሰዎቹ ተስፋ ቆርጠው ይተዉት ነበር። ስለዚህም ከዚያ በፊት በሒሳቡ ውስጥ አልነበሩም።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የጎብኚ መዝገብ የሚጽፈው የገባውን ሰው ብቻ ነው፤ ከደጅ የተመለሰውን አይጽፍም። ድልድይ በሌለው ወንዝ ማዶ የሚኖር ገበሬ በገበያው ቀራጭ መዝገብ ላይ ስሙ አይገኝም፤ መዝገቡን አይቶ ከወንዙ ማዶ ሰው የለም የሚል ሹም ቢኖር ግን ምን ያህል እንደ ተሳሳተ ግልጽ ነው። በዋና ከተማ ፈጣን መስመር ያላቸው ሰዎች ገጹን ሲያደንቁት ተሰምቶ ሥራው ተሳካ ቢባል፥ ስሕተቱ ያው ነው።

ይህን ስንል ሥዕል ሁሉ ይጥፋ ማለታችን አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በአገራችን የስንዴ ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ ጎድቷል። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ በመስመር ተሰልፎ ይወጣል፤ የግንድ ዋግ ግን በአገዳው ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ቁስል ሆኖ ይታያል። ይህን ልዩነት ለገበሬው ለማስረዳት አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ከብዙ ቃል ይበልጣል፤ መጠኑም ቢቀነስ ከ100 ኪሎባይት ባነሰ ክብደት በግልጽ ይታያል። እንዲህ ያለው ሥዕል ሸክሙን በሥራው ይከፍላል። የስብሰባ ፎቶግራፍ፥ በራሱ የሚጮኽ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፥ ይልቁንም የሹሙ ምስል በገጹ ራስ ላይ በትልቁ መለጠፉ፥ (ይህን የምንለው ክቡራን አንባብያን እንዳይቀየሙን እየለመንን ነው) ዋጋ ለመጠየቅ ለመጣው ሰው ምንም አይፈይድለትም።

ሌላው በየቦታው የሚታየው ጉድለት ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ፎቶግራፍ አንሥቶ መለጠፍ ነው። ቀድሞ ለዚህ ምክንያት ነበረው፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት አማርኛን በሥዕል ማሳየት ግድ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ግን ምክንያቱ የለም። በፎቶግራፍ የተለጠፈ ደብዳቤ ይከብዳል፤ በቃል ሲፈለግ በቀላሉ አይገኝም፤ በትንሽ ስልክ ላይ ለማንበብ ያስቸግራል፤ ለዓይነ ስውር የሚያነበው መሣሪያም ከፎቶግራፉ ላይ ቃሉን ለማግኘት ይቸገራል። እኛ ራሳችን በአንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ የማዳበሪያ ዋጋ ፈልገን፥ ብዙ ከጠበቅን በኋላ የተገኘው ተጣምሞ የተነሣ የወረቀት ፎቶግራፍ ነበር፤ ቁጥሩም በማኅተሙ ተሸፍኗል።

ጎብኚን ስለ ማቆየት ብዙ ሰው የሚያስበው ባለጉዳዩን በገጹ ላይ ረጅም ሰዓት ስለ ማዋል ነው። ለመዝናኛ ገጽ ይህ ይሁን። የመንግሥት ገጽ ጎብኚ ግን የጤፍ ዋጋ ሊያይ መጥቶ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አይቶ ቢሄድ፥ በሚመጣው የገበያ ቀን ተመልሶ ይመጣል፤ የቆየ ጎብኚ የምንለው እርሱን ነው። የብሪታንያ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ልዩ ልዩ የመሥሪያ ቤት ገጾችን በአንድ ለማጠቃለል ያቋቋመው ገጽ ጌጥ የሌለው፥ ጽሑፍና መፈለጊያ የበዛበት ነበር፤ ሆኖም በ2013 ዓ.ም. በለንደን የዲዛይን ሙዚየም የዓመቱ ምርጥ ንድፍ ተብሎ ተሸለመ።

በአገራችንም ከሁሉ የቀለለው መንገድ በ2014 ዓ.ም. ተሞክሯል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከሌሎች ጋር ሆኖ 8028 የተባለውን የስልክ መስመር ለገበሬ በከፈተ ጊዜ፥ ደዋዩ ያለ ክፍያ ቁጥር እየነካ የእርሻ ምክር በራሱ ቋንቋ ይሰማ ነበር። በዚህ ሥዕል የለም፤ ማንበብም ግድ አይደለም፤ ተራ ስልክም ይበቃል።

ስለዚህ አዲስ ገጽ ተሠርቶ ርክክብ ከመፈጸሙ በፊት፥ ሹሙ ሁለት ጸሐፊዎችን በገበያ ቀን ከከተማው ራቅ ወዳለ ቀበሌ ይላክ። ርካሽ ስልክና በገንዘብ የተገዛ ትንሽ ጥቅል ይያዙ፤ የዕለቱን የእህል ዋጋ እስኪያገኙ ድረስ የፈጀውን ሴኮንድና ከጥቅሉ የጎደለውን ሜጋባይት ይጻፉ። ሠሪው ገንዘቡን የሚቀበለውም ያ ወረቀት ከታየ በኋላ ይሁን።